ጣት የሚያዞረው ደወል

«ሰው ቤት ሳይደውሉ አይመጣም!» አለ ኅሩይ እንደገና። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመናገር መሞከሩን ትቶታል።

«ደውያለሁ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ደውያለሁ። ያነሳኸው ግን አንተ አይደለህም።»

«እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

«እንደራሴህ ነው ያነሳው።»

«እና? እሱም እኔው ነኝ! በኔ ድምፅ፣ በኔ ፈቃድ ነው የሚናገረው። ምን አጎደለብሽ? እኔ ከማናግርሽ የበለጠ ያናግርሻል።»

«እሱስ ያናግረኛል» አለች ጸዳለ። «ጉልበቴን ሳይቀር ይጠይቀኛል፤ ቅባቱ ተስማማሽ ወይ ይለኛል። አንተ ጉልበቴን እንደሚያመኝ ታውቃለህ?»

ኅሩይ የእህቱን ጉልበት አየ። 

የሚጨቃጨቁት ሲኤምሲ ባለው የኅሩይ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ነው። በሩ መጥሪያ የለውም፤ በእነዚህ ሕንፃዎች ሰው በር ላይ መጥሪያ ማስገጠም ከተወ ቆይቷል። ጸዳለ በመዳፏ ደብድባ ነው ያስከፈተችው። የፊት ለፊቱ ጎረቤት እሳት የተነሳ መስሎት ልጁን አቅፎ ብቅ ብሎ፣ ፌስታል የያዘች አንዲት ሴትዮ ብቻ ቆማ ሲያይ አፍሮ ተመልሷል።

«ለእማዬ ምን እንዳልካት ታውቃለህ?» አለች።

«ምን አልኳት?»

«አታውቅም ማለት ነው።»

«ንገሪኛ!»

«‹ፈርቻለሁ› አለችህ። ‹ከፈራሽ ይቅርብሽ እምዬ፣ ዋናው ያንቺ ሰላም ነው› አልካት። ሐኪሙ የልቧ ቫልቭ ካልተቀየረ ክረምቱን አትሻገርም ብሏል። አልጋ ተይዞላታል። እሷ ግን ‹ኅሩይ ይቅርብሽ ብሎኛል› ብላ ቁጭ ብላለች። ሐኪሙን አትሰማ፣ እኔን አትሰማ። ኅሩይ ብሏል፤ አለቀ።»

ኅሩይ ፊቱ ተለወጠ። «እንደዚያማ አላልኩም።»

«እና ማን ነው ያለው?»

ኅሩይ የበሩን እጀታ ያዘ።

በዚያ ዘመን እንደራሴ፣ በሰው ፋንታ የሚናገር ማሽን፣ የሌለው አዋቂ ሰው አልነበረም። ጠዋት ለአለቃ የሚያመለክተው እሱ ነው፤ ለወለደች ጎረቤት እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለው እሱ ነው፤ ለቅሶ ደርሶ ሐዘንተኛ የሚያጽናናውም እሱ ነው። ከሁሉም በላይ የተካነው ሰላምታ ነበር። የሰውዬውን ድምፅ ይዞ፣ እንዴት ነሽ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ያ የወገብ ነገር እንዴት ሆነ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይሰለች፣ አንድም ሰው ሳይረሳ ይጠይቃል። የሚያናግረውን ሰው አያስከፋም። የሚያስከፋ ነገር ሲመጣበት የአድማጩን ፍላጎት ፈልጎ ያንኑ መልሶ ይሰጠዋል። ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ አያነሱትም ብቻ። «ራስህ ነህ ወይ?» ብሎ በስልክ መጠየቅ የእናት ስም ጠርቶ ከመሳደብ እኩል ነውር ሆኖ ነበር። በጸዳለ ዕድር አንድ አባል ሊያጽናናው የደወለለትን ጎረቤቱን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ፣ በጉባኤ ፊት ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ሰላም የሚለው አጥቶ ነበር።

«ዛሬ አብረኸኝ ና» አለች ጸዳለ። «ከቀጨኔ እዚህ የመጣሁት አንተን ይዤ ለመመለስ ነው። ፊቷ ቆመህ ሆስፒታል ግቢ በላት።»

«አልችልም።»

«ሥራ ነው?»

«ሥራ አይደለም። አልችልም አልኩሽ!»

«ለምን?»

«አትጨቅጭቂኛ! ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ከመጣሁ ትጠይቀኛለች።»

«አዎ፣ ትጠይቅሃለች! እናትህ ናት!»

ከፌስታሉ አንድ ሳጥን አውጥታ ደረቱ ላይ ለጠፈችበት። እንዳይወድቅ ያዘው። ከጣውላ የተሠራ፣ ከዳቦ ያልበለጠ ሳጥን ነው። ከላዩ ከአንድ እስከ ዜሮ ቁጥር ያለበት፣ ጣት እየተከተተ የሚዞር የድሮ ስልክ ክብ መደወያ ተገጥሞበታል። ኅሩይ ወዲያው አወቀው።

«የአባባ ስልክ ነው። ምን አደረግሽው? ሰበርሽው?»

«ፈታሁት።»

«አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሲወለውለው የኖረውን ዕቃ!»

«አባባ ሲወለውለው የኖረው እንዲያገለግል ነው። አሁን ያገለግላል። የትኛውንም ቁጥር ስታዞር እማዬ ራስጌ ያለው ደወል ያን ያህል ጊዜ ይመታል። ሌላ ሥራ የለውም። ድምፅ አያስተላልፍም። ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ እንደራሴህ ሊገባበት አይችልም። ሦስት ካዞርክ ‹ግቢ› ማለት ነው። አንድ ካዞርክ ‹ቅሪ› ማለት ነው። ለእሷም ነግሬያታለሁ። መምጣት ካልቻልክ አንድ ጣት ላክላት!»

ኅሩይ ፊቱ ቀላ። «ይህ ማለት እኮ ያው ‹ራስህ ነህ ወይ› ማለት ነው። በጣውላ ሠርተሽ አመጣሽልኝ።»

«አዎ» አለች ጸዳለ። «ነውረኛ ነኝ።»

በሩን ዘጋው። ሳጥኑን ግን አልመለሰላትም።

ጸዳለ ጡረታ እስክትወጣ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ስታስተምር ኖራለች። አባቷ አቶ ወልደየስ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ጥቁሩን ስልክ ሊጣል ሲል አትርፎ ቤቱ ያመጣው እሱ ነው። ስልኩን የፈታችው እናቷ «ኅሩይ ይቅርብሽ ብሎኛል» ባለች ማግስት፣ ጥርሷን ነክሳ ነው። መደወያው ደርቆ ነበር። አውጥታ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጠበችው፤ ሞላውን ዘይት አቀመሰችው። ጣት ሲለቀው ሞላው ክቡን እያንኮራኮረ ይመልሰዋል፤ ሲመለስም ከኋላ ያሉ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች በቁጥሩ ልክ ይላቀቃሉ፣ ይገናኛሉ። አራት ከሆነ አራት ጊዜ። ይኸው ነው ጥበቡ። ምላሶቹን ከተጣለ የውኃ ቆጣሪ ከፈታችው ትንሽ ራዲዮ ጋር አገናኘቻቸው። ለተቀባዩ ሳጥን ደግሞ የዚያኑ ስልክ ደወል፣ ሁለቱን የነሐስ ጽዋና መዶሻውን ሰጠችው።

መጀመሪያ ላይ ደወሉ ይዋሽ ነበር። አራት ስታዞር አምስት፣ ሁለት ስታዞር አራት ይመታል። ምላሶቹ ሲገናኙ እንደሚነጥሩ፣ ራዲዮውም እያንዳንዱን ንጥረት እንደሚቆጥር ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ተማሪዎቿን በዚሁ ስታስለቅስ ኖራለች። ንጥረቱን የሚያበርዱ አንዲት ካፓሲተርና አንዲት ሬዚስተር በይዳ አስገባችበት። ከዚያ በኋላ ያዞሩትን ያህል ብቻ መታ። ቀና ብላ «አሁን ይዋሽ እስቲ» አለች። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ኅሩይ ሳጥኑን በተቀበለ ዕለት ደወሉ ዝም አለ። በማግስቱም ዝም አለ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናታቸው እማማ ወለላ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ሳለ፣ ራስጌዋ ያለው ደወል መምታት ጀመረ። ዘጠኝ ጊዜ መታ። ትንሽ ቆየ። ደግሞ ዘጠኝ መታ። ከዚያ ሰባት፤ ሰባቱ መጨረሻው ተኮላሽቶ ስድስት ተኩል የሆነ ይመስላል። ጣቱ ሳይደርስ አምልጦት ነው።

እማማ ወለላ ተነስታ ተቀመጠች። በጣቶቿ እየቆጠረች ነበር።

«ሦስትም አይደለም፣ አንድም አይደለም» አለች ጸዳለ። «ምን ማለቱ ነው?»

«እየተጫወተ ነዋ!» አለች እናቷ። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። «ልጅ ሆኖ ዘጠኝን ማዞር ነበር የሚወደው። ሲመለስ ስለሚቆይ። አባትሽ ‹ስልኩን ፈጀኸው› እያለ በቁንጥጫ... ራሱ ነው። ራሱ ነው ጸዱ!»

ያን ዕለት ማምሻውን፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ጠራ። «እምዬ፣ እንደምን አመሸሽ? እንቅልፍ እንዴት አደረገሽ? ያ የእግር እብጠትስ ጎደለ?»

«ዘጠኙን ሰማሁት» አለችው እማማ ወለላ፣ በሹክሹክታ፣ ምስጢር እንደሚነግሩት።

«ደስ አለኝ እምዬ!» አለ ድምፁ፣ ቅንጣት ሳይዘገይ። «አንቺ ደስ ካለሽ እኔም ደስ ይለኛል። እቴቴ ጸዳልዬስ እንዴት ናት?»

ጸዳለ ወጥታ ወጥ ቤት ገባች። የታጠበውን ሳህን ሁሉ እንደገና አጠበችው።

ደወሉ ለጥቂት ቀናት ሲፈልገው ረፋድ፣ ሲፈልገው ከሰዓት ይመታ ነበር። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ደግሞ ስምንት። ሦስትን ግን አያዞራትም። አንድንም አያዞራትም። እማማ ወለላ አልተቸኮለችም። «ያስብበት» ትላለች። «ትልቅ ነገር ነው የጠየቅሽው።» ከዚያ ለአንድ ሁለት ቀን የደወሉ ድምፅ ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ አንድ ጊዜ መታ። ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ «ደህና እደሪልኝ እምዬ» ብሎ እንደተሰናበተ፣ አንድ። በማግስቱም ድምፁ ሲሰናበት፣ አንድ። በሳልስቱም።

«ይኸው» አለች እማማ ወለላ። «በጣቱ ነገረኝ። ቅሪ ብሎኛል።» ከዚያም እንደማጽናናት ያህል፣ «አንቺ የቻልሽውን አድርገሻል ልጄ» አለቻት።

ጸዳለ ደወሉን ከራስጌው ነቅላ በመስኮት ልትወረውረው ምንም አልቀራት። የገዛ እጇ ሥራ እናቷን እንድትሞት አሳምኗታል። ግን አንድ ነገር ቆረቆራት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደወል ይረሳል፣ ይዘገያል፣ ይሳሳታል። ይኸኛው ምንም አይስትም። ስንብቱ ባለቀባት ቅጽበት ይመታል። የሰው ጣት እንዲህ ሰዓት ሲያከብር አታውቅም፤ የኅሩይ ጣትማ ጭራሽ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሲኤምሲ ሄደች። አሁንም ሳትደውል። የከፈተችላት የኅሩይ ሚስት ሥምረት ናት። ሥምረት ቤት ውስጥ ሆና ነው የምትሠራው፤ ሰው በአካል ሲመጣባት ግራ ገብቷት፣ ግን በጥሩ ፊት አስገባቻት።

«ኅሩይ የለም። እንዲደውልልሽ ልንገረው?»

«አይ፣ ይደውልልኛል» አለች ጸዳለ። «ያ ሳጥን የት ነው ያለው?»

ሥምረት ፊቷ በራ። «ውይ፣ ሰማሽ እንዴ? ነይ፣ ነይ እቴቴ፣ ላሳይሽ!»

ሳጥኑ ሳሎን መደርደሪያ ላይ፣ ከሠርግ ፎቶው አጠገብ ተቀምጧል። ከጎኑ ትንሽ ሞተር ቆሟል። ሞተሩ ላይ አጭር የብረት ክንድ አለ፤ የክንዱ ጫፍ ጎማ ተሸፍኖ መደወያው ላይ ከቁጥር አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። ከሞተሩ የወጣ ሽቦ ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል። ብየዳው ንጹሕ ነው። ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነዋል። ጸዳለ ከዚህ የተሻለ አትሠራም።

«ቅዳሜና እሁዱን በሙሉ ሲሠራው ነው የዋለው» አለች ሥምረት። «ከዚያ በፊት ራሱ ነበር የሚያዞረው። ግን ስብሰባ ሲገባ ይረሳል፤ ሲረሳ ይበሳጫል። ‹አንድ ቀን ረስቼባት ብትጠብቀኝስ?› ብሎ ተጨንቆ፣ ተጨንቆ... እናቱን እኮ ይወዳታል።»

«ለምን አንድ ቁጥር ላይ?»

«እ?»

«ለምን አንድ ላይ አደረገው? ለምን ሦስት ላይ አላደረገውም?»

ሥምረት ሳጥኑን በጥሞና አየችው። «ክንዱ አጭር ስለሆነ መሰለኝ። ሌላው አልደርስ ብሎት ነበር። አንድ ቅርብ ናት። ለውጥ አለው እንዴ?»

ጸዳለ ሽቦውን ከግድግዳው መዘዘችው፤ ሳጥኑን ከነሞተሩ፣ ከነክንዱ ብብቷ ሥር አደረገች። ሥምረት «እቴቴ! እቴቴ፣ ምን አጠፋሁ?» እያለች እስከ ሊፍቱ ተከተለቻት። ጎረቤትየው በሩን ከፈት አድርጎ አይቶ ዘጋ።

ቀጨኔ ስትደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ሆስፒታሉ አልጋውን የያዘው እስከዚያው ዕለት ከሰዓት ብቻ ነበር፤ ካልመጡ ተራው ለሌላ ሕመምተኛ ያልፋል፣ የእማማ ወለላ ከክረምት በኋላ ይሆናል። ሐኪሙ ከክረምት በኋላ ስላለው ነገር ምንም ያለው አልነበረም።

«ይኸው የልጅሽ ጣት!» አለች ጸዳለ፣ ሳጥኑን አልጋው ላይ ጥላ።

እማማ ወለላ ዓይኗ ደክሟል፤ በእጇ ነው የምታየው። ሞተሩን ዳበሰችው፣ ክንዱን፣ ጎማውን። የተጎነጎነውን ሽቦ እስከ ጫፉ ተከተለችው።

«እሱ ነው የሠራው?»

«እሱ ነው።»

«እጁ የአባቱ ነው» አለች እማማ ወለላ።

«እማዬ!» ጸዳለ ጮኸች። «እማዬ፣ ቅሪ ያለሽ ይህ ብረት ነው! ክንዱ ስላጠረ ነው! ትሰሚኛለሽ? ሦስት ላይ ስላልደረሰ ነው! ሰው አይደለም የነገረሽ፤ ይኸ ነው!»

ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ጠራ። የመጥሪያ ሰዓቱ አልነበረም።

«አንቺ!» አለ የኅሩይ ድምፅ። «ማን ፈቀደልሽ? ሥምረት እየተንቀጠቀጠች ነው። ቤቴ ገብተሽ ዕቃ ነቅለሽ ትሄጃለሽ? ሌባ ነሽ?»

ጸዳለ ወደ ግድግዳው ዞረች። አልጋውና እናቷ ከኋላዋ ሆኑ።

«ራስህ ነህ?» አለች።

ድምፁ ተቋረጠ። ከዚያ፦ «ምን አልሽ?»

«ራስህ ነህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እማዬ ፊት? እማዬ ፊት እንዲህ ትይኛለሽ? አንቺ ባለጌ! ራሴ ነኝ!»

«እሱም እንዲሁ ነው የሚለው።»

«ጠይቂኛ! የፈለግሽውን ጠይቂኝ!»

«ምን ልጠይቅህ? እሱ የማያውቀው ምን ታውቃለህ? ጉልበቴን ከአንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። የእማዬን መድኃኒት ከነሰዓቱ እሱ ያውቀዋል። ምን ቀረህ? እስቲ ንገረኝ፣ ምን ቀረህ?»

«ምን እንድል ነው የምትፈልጊው?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ግቢ ልበላት? አባባን ግባ ያልኩት እኔ ነኝ! እንዳንቺ ሐኪሙ ብሏል ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ግባ አልኩት። ካልጋው ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኔን እያየ እሺ አለኝ። አልወጣም! አንቺ ነሽ ያልሽው? እኔ ነኝ! ታዲያ እሷንም ግቢ ልበል? ቅሪስ ልበል? አላውቅም! ሰማሽ? አላውቅም! ሦስት ላይ ጣቴን አስቀምጬ ሳወጣ፣ አንድ ላይ አስቀምጬ ሳወጣ ነው የከረምኩት። ዘጠኝ ማዞር ብቻ ነው የቻልኩት። ሞተሩን ያበጀሁት ቀድሞ የደረሰበት ቁጥር ላይ ይሁን ብዬ ነው። አላውቅም!»

ትንፋሹ ግድግዳው ውስጥ ይሰማል።

እማማ ወለላ ሳጥኑን ከጭኗ አውርዳ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው። እግሮቿን ወደ ወለሉ አወረደች።

«ደግሞ ማልቀስ አስተማርከው?» አለች ጸዳለ ለግድግዳው።  «በጣም ጥሩ። በጣም ጥሩ አድርገህ አስተምረኸዋል። በአባባ ደግሞ መጣህ!»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ! ምን ዓይነት ድንጋይ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ድንጋይ? እዚህ ቤት ማን ነው የሚያጥባት? ማን ነው ሌሊት ትንፋሿን የሚያዳምጠው?»

«አንቺ ነሽ! አውቃለሁ አንቺ ነሽ! ዕድሜ ልክሽን ይህንኑ ስትቆጥሪብኝ ኖረሻል!»

እማማ ወለላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘችው። ነጠላዋን ከአልጋው ራስጌ አንስታ ለበሰች፤ የምትደገፍበትን ዘንግ ያዘች። ኅሩይ እንዲህ ሲጮህ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው ከሠርጉ በፊት ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፤ የደከማት ይመስላል፣ ወይም የምታዳምጥ። ከዚያ ወጣች። በሩ በቀስታ ተዘጋ።

በሊፍቱ ብቻዋን ወረደች። መንገዱ ዳር የቆመው ሾፌር አልባ ታክሲ ስታየው በሩን ከፈተላት።

«እንደምን ዋሉ እማማ» አለ ታክሲው፣ በትሑት ድምፅ። «ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብ እንዴት ነው? ወዴት ልውሰድዎ?»

የሆስፒታሉን ስም ነገረችው። ትንፋሽ አጥሯት ስለነበር መድገም ግድ ሆነባት።

«አብሮዎት የሚሄድ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ለልጆችዎ ላሳውቅልዎ?»

«ተዋቸው» አለች እማማ ወለላ፣ ዘንጓን እየሰበሰበች። «እየተነጋገሩ ነው። አታቋርጣቸው።»

ታክሲው ተንቀሳቀሰ። ከአራተኛው ፎቅ፣ በተከፈተው መስኮት፣ የሁለት ሰው ጩኸት መንገዱ ድረስ ይወርድ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቀና እያለ ያልፋል።

«እሺ፣ ራስህ ከሆንክ» ትላለች ጸዳለ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታነሳ፣ «ራስህ ከሆንክ ለኔ አትጩህ! ለእሷ ንገራት! ይኸው እዚሁ ተቀምጣ እየሰማችህ ነው!»